ኳሷ ተጨፍልቃ ነው የምትታየው?

ጥያቄ፦ «ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪዬ ‹በብርሃን ፍጥነት 80 በመቶ የምትከንፍ ኳስ በፊቴ ብታልፍ እንደ ዳቦ ተጨፍልቃ ነው የማያት?› አለኝ። መጽሐፉ ዕቃ በሚሄድበት አቅጣጫ ያጥራል ስለሚል ‹አዎ› አልኩት። ማታ ግን ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ብርሃኑ ራሱ ዓይናችን ጋ ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበት የለም እንዴ? ታዲያ በትክክል የምናየው ምንድን ነው?»

መምህር፣ ነገሩ አልዋጥልዎት ያለው በምክንያት ነው። ኳሷ ተጨፍልቃ አትታይም። ክብ ሆና ነው የምትታየው። 80 በመቶም ሆነ 99.9 በመቶ፣ ዙሪያዋ ያው ክብ ነው።

ለተማሪው «አዎ» በማለትዎ አይሸማቀቁ። እኔ የባሰ ሠርቻለሁ። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ፈተና ላይ «ኳሷ ምን መስላ ትታያለች?» ብዬ ጠየቅኩ። አንድ ልጅ «ክብ» ብሎ ጻፈ። ዜሮ ሰጠሁት። ማብራሪያ ስላልጻፈ ገምቶ ሊሆን ይችላል፤ ግን ልክ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይህን ያወቅኩት ደግሞ ልጁ ተመርቆ ከሄደ በኋላ ነው።

ስህተቱ የሚመጣው መለካትንና ማየትን ከማምታታት ነው።

መጽሐፉ «ያጥራል» ሲል ስለ መለካት ነው የሚያወራው። ኳሷ በምታልፍበት መስመር ዳር፣ በየሴንቲሜትሩ፣ ሰዓት የያዘ ሰው አቆምን እንበል። ሰዓቶቹ ሁሉ እኩል ተስተካክለዋል። ልክ 6 ሰዓት ሲሆን የኳሷ የፊት ጫፍ አጠገቡ የደረሰለት ሰው እጁን ያወጣል። የኋላ ጫፏ አጠገቡ ያለውም እንዲሁ። እጃቸውን ባወጡት በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ርቀት የኳሷ ርዝመት ነው። ስፋቷ 30 ሴንቲሜትር የሆነች ኳስ በ80 በመቶ ስትከንፍ በዚህ ዘዴ 18 ሴንቲሜትር ብቻ ሆና ትገኛለች። ይህ ሐቅ ነው።

ማየት ግን ሌላ ነው። ዓይንዎ ያለው አንድ ቦታ ነው። እዚያች ቦታ ላይ እኩል የደረሰውን ብርሃን ሰብስቦ «ይኸው ምስሉ» ይልዎታል። እኩል ደረሰ ማለት ግን እኩል ተነሣ ማለት አይደለም። ሠርግ ቤት ሁለት እንግዶች አንድ ላይ ገቡ እንበል። አንዱ ከትናንት ወዲያ ከጎንደር የተነሣ ነው፤ ሌላው ዛሬ ጠዋት ከደብረ ብርሃን። ሁለቱም ያገራቸውን ወሬ ይዘው መጥተዋል። የጎንደሬው ወሬ ግን የሰነበተ ነው። ከኳሷ የሩቅ ጎን የመጣው ብርሃን እንደ ጎንደሬው ነው፤ ቀድሞ ስለተነሣ የቆየ ወሬ ይዟል።

በተራ ፍጥነት ይህ ልዩነት አይታወቀንም። ብርሃን በአንድ ናኖሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ፣ 30 ሴንቲሜትር ይሄዳል። የአንድ ማስመሪያ ርዝመት ነው። በሰዓት 100 ኪሎሜትር የሚበር መኪና በዚያው ጊዜ ውስጥ የሚሄደው ከፀጉር ውፍረት ከሺህ እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ስለዚህ «የቆየው» ወሬና «አዲሱ» ወሬ አንድ ናቸው። ዕቃው ከብርሃን ጋር ሊፎካከር ሲደርስ ነው ጉዱ የሚፈላው።

አሁን ኳሷን ትተን ሳጥን እንያዝ፤ በሳጥን ይቀላል። ቢሮዎ ካለው የጠመኔ ሳጥን የሚተልቅ፣ በሁሉም ጎን 30 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ ያስቡ። ከግራ ወደ ቀኝ በ80 በመቶ ያልፋል። እርስዎ ራቅ ብለው ቆመዋል። ሳጥኑ ልክ ከፊት ለፊትዎ ሆኖ የላከው ብርሃን ሲደርስዎ ምን ያያሉ?

ወደ እርስዎ የዞረው ገጽ ላይ ያሉት ነጥቦች ሁሉ ከእርስዎ እኩል ይርቃሉ ማለት ይቻላል። እዚያ የመዘግየት ጣጣ የለም። በመለካት ያገኘነው ማጠር ብቻውን ይሠራል፤ ገጹ 18 ሴንቲሜትር ሆኖ ይታያል።

የሳጥኑን የኋላ ጎን፣ ማለትም በግራ በኩል ያለውን፣ ሳጥኑ ቆሞ ቢሆን ኖሮ አያዩትም ነበር። አሁን ግን የዚያ ጎን የሩቁ ጠርዝ ከቅርቡ ጠርዝ 30 ሴንቲሜትር ይርቃል። ብርሃኑ ከቅርቡ ጋር እኩል እንዲደርስ አንድ ናኖሰከንድ ቀድሞ መነሣት አለበት። ያኔ ሳጥኑ የት ነበር? 24 ሴንቲሜትር ወደ ግራ። ደግሞ ብርሃኑ ወደ እርስዎ ሲመጣ ሳጥኑ አይጋርደውም፤ እየሸሸ መንገዱን ይለቅለታል። ስለዚህ ማየት የማይገባዎትን የኋላ ጎን 24 ሴንቲሜትር ስፋት ኖሮት ያዩታል።

18 እና 24። እነዚህን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ጽፈው ዝም ይበሉ። ፓይታጎረስን የተማረ ክፍል ውስጥ አንዱ ልጅ መጮኹ አይቀርም። 18 በራሱ ሲባዛ 324፣ 24 በራሱ ሲባዛ 576፣ ድምሩ 900፤ የ30 ካሬ ማለት ነው። አንድ ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው 53 ዲግሪ ገደማ ቢያዞሩት የፊት ገጹና የጎኑ ስፋት ልክ በዚህ ልክ ነው የሚታየው። እንግዲህ ሳጥኑ የሚታየው ተጨፍልቆ ሳይሆን ዞሮ ነው። ማንም ግን አላዞረውም።

ኳስ ደግሞ ብትዞር ያው ኳስ ናት። ላይዋ ላይ ጽሑፍ ካለ ጽሑፉ ዞሮ ይታያል እንጂ ዙሪያዋ አይለወጥም። ለተማሪዎ የሚሰጡት አጭር መልስ ይኸው ነው።

ይህን ለማስተዋል የፊዚክስ ዓለም ራሱ ጊዜ ወስዶበታል። አንስታይን የዚህ ማጠር ምንጭ የሆነውን ጽንሰ ሐሳብ፣ ልዩ አንጻራዊነትን፣ ያወጣው በ1905 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አንቶን ላምፓ የተባለ ኦስትሪያዊ በ1924 የሚከንፍ ዘንግ ለዓይን ምን እንደሚመስል ጻፈ፤ ልብ ያለው አልነበረም። ከዚያ በ1959 አሜሪካዊው ጄምስ ቴሬልና እንግሊዛዊው ሮጀር ፔንሮዝ በየፊናቸው ነገሩን አፍረጠረጡት። በመካከሉ 54 ዓመት አለፈ። ያን ሁሉ ዘመን ትልልቅ ሰዎች እንደኔ ሰሌዳ ላይ የተጨፈለቀች ኳስ ሲስሉ ነበር ማለት ነው። በዚህ ትንሽ እጽናናለሁ።

የፔንሮዝ መንገድ ደስ ይላል። ክረምት ላይ ዝናቡ ቀጥ ብሎ እየወረደ ሮጥ ሮጥ ካሉ ጃንጥላዎን ወደ ፊት ማዘንበል ግድ ነው። ዝናቡ ከፊት የሚመጣ ይመስላል። ብርሃንም እንዲሁ ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ብራድሌይ በ1720ዎቹ ከዋክብት በዓመት ውስጥ ወዲያና ወዲህ 20 አርክሰከንድ ገደማ (አንድ አርክሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ነው) ፈቀቅ ሲሉ ያየው፣ መሬት በሰከንድ 30 ኪሎሜትር ስለምትሮጥ ነው። እርስዎ በብርሃን ፍጥነት 80 በመቶ ቢሮጡ ከጎንዎ በ90 ዲግሪ ያለ ኮከብ ከሚሄዱበት አቅጣጫ 37 ዲግሪ ላይ መጥቶ ይታይዎታል። ሰማዩ ወደ ፊት ይሰበሰባል።

ታዲያ ኳሷ ቆማ እርስዎ እየሮጡ ነው ብለው ቢያስቡስ? ከአንጻራዊነት አንጻር ለውጥ የለውም። የቆመች ኳስ ዙሪያዋ ክብ ነው። ሩጫዎ የብርሃን ጨረሮችን ሁሉ ወደ ፊት ያዘነብላል። ፔንሮዝ ያሳየው ይህ ማዘንበል ክብን ሁልጊዜ ወደ ክብ እንደሚለውጥ ነው። ሊያተልቀው ወይም ሊያሳንሰው ይችላል፤ ሞላላ ግን አያደርገውም።

እዚህ ጋ ተማሪዎ ብልጥ ከሆነ «እንግዲያው ማጠሩ ውሸት ነው» ይልዎታል። አይደለም። እንዲያውም ክብ ሆና መታየቷ የማጠሩ ምልክት ነው። ማጠር የሌለበት ዓለም ቢሆን ሳጥኑ ከ18 እና 24 ይልቅ 30 እና 24 ሆኖ ይታይ ነበር። የትኛውም የዞረ ኩብ እንደዚያ አይታይም። ኳሷም ተለጥጣ እንደ ዕንቁላል ትሆን ነበር። የብርሃን መዘግየት ይለጥጣል፣ ማጠሩ ይጨመድዳል፣ ሁለቱ ተካክሰው ክቧን ይመልሷታል። ማጠሩን በሌላ መንገድ ከፈለጉ ሚዩኦኖች የሚባሉ ከአቶም ያነሱ ቅንጣቶች አሉልዎት። ከላይ በ15 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ይፈጠራሉ። ዕድሜያቸው በአማካይ 2.2 ማይክሮሰከንድ ነው። በብርሃን ፍጥነት እንኳ 660 ሜትር ብቻ የሚያስኬድ ዕድሜ ነው። ሆኖም መሬት ይደርሳሉ። ከእኛ አንጻር ሰዓታቸው ዘግይቷል፤ ከእነሱ አንጻር ደግሞ 15ቱ ኪሎሜትር አጥሯል።

«በዓይን የታየ ነገር አለ ወይ?» ከተባሉ ደግሞ ከቪየና አንድ ጥሩ ወሬ አለ። በ2025 እዚያ ያሉ ተመራማሪዎች ነገሩን ላቦራቶሪ ውስጥ ፎቶ አነሡት። ኳስ በብርሃን ፍጥነት ወርውረው አይደለም፤ ያ አይሆንም። ብርሃኑን «አዘገዩት»። የሌዘር ብልጭታ በዕቃው ላይ ይለቃሉ። ካሜራው ለ300 ፒኮሰከንድ (0.3 ናኖሰከንድ) ያህል ብቻ ይከፈታል፣ ስለዚህ ከዕቃው ላይ አንድ ስስ ቁራጭ ብርሃን ብቻ ይይዛል። ዕቃውን ትንሽ ፈቀቅ ያደርጉና ቀጣዩን ቁራጭ ያነሣሉ። ቁራጮቹ ሲገጣጠሙ፣ የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 2 ሜትር ገደማ በሆነበት ዓለም የተነሣ ፎቶ ይወጣል። በጣም የወደድኩት ክፍል ግን ዝግጅቱ ነው። ማጠሩ በዚህ ዘዴ በራሱ ስለማይመጣ ዕቃዎቹን አስቀድመው አሳጥረው ሠሯቸው። ለ80 በመቶ የታሰበውን ኩብ ወደ 60 በመቶ አጠበቡት። ለ99.9 በመቶ የታሰበችው ኳስ ደግሞ እንደ ምጣድ ክዳን ሳሳች። ካሜራው ያወጣው ምስል ላይ ግን ኩቡ ዞሯል፣ ያቺ ስስ ነገር ደግሞ ኳስ ሆናለች።

ለክፍል የሚሆን ርካሽ ማሳያ ከፈለጉ ስልክዎን ይጠቀሙ። በፍጥነት የሚሽከረከር ቬንትሌተር ፎቶ ሲያነሡ ክንፎቹ ጎብጠው የሚወጡበት ጊዜ አለ። የስልክ ካሜራ ምስሉን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ላይኛው መስመር የቆየ፣ ታችኛው አዲስ ነው። ምክንያቱ ከብርሃን ጉዞ ጋር አይገናኝም። ግን አንድ ፎቶ የተለያዩ ቅጽበቶች ስብስብ ሊሆን እንደሚችል ልጆቹ ወዲያው ይገባቸዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ይዞራል» የሚለው የሚሠራው ዕቃው ትንሽ ሆኖ ሲታይ፣ ማለትም ሩቅ ሲሆን ነው። ረጅም ነገር በቅርብ ሲያልፍ ዞረ ብቻ አይባልም፤ ይጎብጣል። ቀጥ ብሎ የቆመ የመብራት ምሰሶ በአጠገብዎ ቢከንፍ ከመሃሉ ይልቅ ጫፎቹ ከዓይንዎ ስለሚርቁ የቆየ ወሬ ያመጣሉ፣ ወደ ኋላ ቀርተው ይታያሉ። ምሰሶው ቀስት ይሆናል። በማንኛውም ርቀት ክብ ሆና የምትቀረው ኳስ ብቻ ናት።

ወደ እርስዎ ፊት ለፊት የሚመጣ ዘንግ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። 1 ሜትር ዘንግ በ80 በመቶ ሲመጣ ሲለካ 60 ሴንቲሜትር ነው። ሲታይ ግን 3 ሜትር! የኋላ ጫፉ ብርሃን ቀድሞ የተነሣ ስለሆነ ጫፉ ገና ሩቅ ሳለ ያለውን ነው የሚያዩት። አልፎ ሲሸሽ 33 ሴንቲሜትር ይመስላል። ፍጥነቱም ያታልላል። ሲመጣ በብርሃን ፍጥነት 4 እጥፍ የሚገሠግሥ ይመስላል፤ ሲሄድ በ44 በመቶው።

4 እጥፍ ሲባል ልጆቹ ይንጫጫሉ፤ ይንጫጩ። ሰማይ ላይ በእውነት ይታያል። ማርቲን ሪስ በ1966 «ሊታይ ይችላል» ብሎ አስቀድሞ ጻፈ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች ከሩቅ ኳዛሮች (እጅግ ደማቅ ከሆኑ የጋላክሲ እምብርቶች) የሚወጡ ጉብታዎች ከብርሃን በላይ ሲሮጡ አዩ። ሀብል ቴሌስኮፕ ኤም 87 ከተባለው ጋላክሲ በሚወጣው ጄት (ተስፈንጥሮ የሚወጣ ቀጭን ፍሰት) ላይ እስከ 6 እጥፍ የሚደርስ ለካ። በ1994 ደግሞ እዚሁ በእኛ ጋላክሲ ውስጥ ጂአርኤስ 1915+105 ከተባለ ምንጭ የወጡ ጉብታዎች 1.25 እጥፍ ሆነው ታዩ። እውነተኛ ፍጥነታቸው 92 በመቶ ገደማ ነው።

ስሌቱ ለ10ኛ ክፍልም አይከብድም። አንድ ጉብታ በ10 ዓመት ውስጥ 8 የብርሃን ዓመት ወደ እኛ ቀረበ፣ 5 የብርሃን ዓመት ደግሞ ወደ ጎን ሄደ። ፍጥነቱ 94 በመቶ ገደማ ነው፤ ሕግ አልጣሰም። መጨረሻ ላይ የላከው ብርሃን ግን 8 ዓመት መንገድ ስለቀነሰለት ከመጀመሪያው 2 ዓመት ብቻ ዘግይቶ ይደርሳል። እኛ 5 የብርሃን ዓመት በ2 ዓመት ሲሄድ አየን። 2.5 እጥፍ።

እስካሁን ስለ ቅርጽ ነው ያወራነው። ቀለሙን ብረሳ ግን ጥያቄዎ ግማሽ ይቀርበታል። ብዙ ጽሑፎች ይዘሉታል። «ኳሷን አያታለሁ ወይ?» ለሚለው ግን ዋናው ነገር እሱ ነው።

ኳሷ ራሷ አረንጓዴ ብርሃን ታፈልቃለች እንበል፣ የሞገድ ርዝመቱ 550 ናኖሜትር። በ80 በመቶ ቀጥታ ወደ እርስዎ ስትመጣ ዶፕለር የሚባለው ክስተት (ምንጩ ሲቀርብ ወይም ሲርቅ የሞገዱ ርዝመት መለወጥ) ሞገዱን ሦስት ጊዜ ያሳጥረዋል፦ 183 ናኖሜትር። አልትራቫዮሌት ነው፣ አይታይም። አልፋ ስትሄድ ሦስት ጊዜ ይረዝማል፦ 1,650 ናኖሜትር። ኢንፍራሬድ ነው፣ እሱም አይታይም። «ልክ ፊቴ ስትደርስስ?» ካሉ እዚያም 917 ናኖሜትር ነው። ኢንፍራሬድ። ሰዓቷ ስለዘገየ፣ በጎን ስታልፍ እንኳ ቀለሟ ወደ ቀይ ይወርዳል።

ታዲያ የምትታየው መቼ ነው? ወደ እርስዎ እየቀረበች፣ ዓይንዎ ከመንገዷ መስመር በ45 እና በ73 ዲግሪ መካከል ሲያያት ብቻ። በ45 ላይ ሐምራዊ ሆና ብቅ ትላለች። በ60 ዲግሪ ላይ ትክክለኛው አረንጓዴዋ ይታያል። ከዚያ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ ትሆንና ፊትዎ ሳትደርስ ትጠፋለች። መንገዷ ከእርስዎ 10 ሜትር ርቆ ከሆነ ይህ ሁሉ ትዕይንት የሚፈጀው 17 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። ለዓይን አይበቃም።

ምንም የማታበራ ተራ ኳስ ብትሆንም አስቂኝ ነገር አለ። በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ማንኛውም ዕቃ ለዓይን የማይታይ የሙቀት ጨረር ይረጫል። በ80 በመቶ ወደ እርስዎ ሲመጣ ያ ጨረር እንደ 627 ዲግሪ ዕቃ ሆኖ ይደርሳል። ይህም እንደ ቡና ከሰል ፍም ደብዘዝ ያለ ቀይ ነው። ሳትነድ ቀልታ ትመጣለች።

ብርሃኑም ወደ ሚሄድበት አቅጣጫ ይሰበሰባል። የሚመጣው ይደምቃል፣ የሚሸሸው ይደበዝዛል። በ2019 የወጣውን የኤም 87 ብላክ ሆል ፎቶ ያስታውሱ፤ ያችን ብርቱካናማ ቀለበት። ታችኛው ጎኗ ከላይኛው ይደምቃል። እዚያ ያለው ጋዝ በብርሃን ፍጥነት አካባቢ እየተሽከረከረ ወደ እኛ ስለሚመጣ ነው። ተማሪዎ በፎቶ እንዲያየው ከፈለጉ ያንን ፎቶ ያሳዩት፤ ከቪየናው ኩብ ፎቶ ጋር።